ጥርሷ የተበላ ብሎን፣ 560 ኪሎ ሜትር ላይ

ባለፈው ክረምት ስልኬ ቻርጅ አልቀበል አለኝ። ገመዱ ሲሰካ ይበራል፣ ትንሽ ሲነካ ይጠፋል። ሁላችሁም የምታውቁት በሽታ ነው። ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጁ ገልበጥ መለስ አድርጎ አየውና፣ "እህቴ፣ ይሄ ስልክ እንዲከፈት ተብሎ የተሰራ አይደለም" አለኝ። "በሙጫ ነው የታሸገው። ልክፈተው ካልኩ ስክሪኑ ሊሄድ ይችላል። ሞክር ካልሽኝ እሞክራለሁ፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል።"

አዲስ! በየትኛው ብር?

ስልኬን ይዤ ቤቴ ተመለስኩ። ገመዱን በላስቲክ ጠፍሬ፣ እንዳይነቃነቅ በትራስ አስደግፌ ቻርጅ ማድረግ ጀመርኩ። ስልኩ ከግድግዳው ስር ስለማይነሳ እኔም ከአጠገቡ አልነሳም። እንደዛ ተጋድሜ ከቪዲዮ ቪዲዮ ስዘል ነው አንድ ሰውዬ ያገኘሁት። ነጭ የጠፈር ልብስ ለብሷል፣ ከኋላው ሰማያዊዋ ምድር ቀስ እያለች ታልፋለች። በእጁ የኤሌክትሪክ ካቻቪቴ ይዞ ብሎን ይፈታል። ብሎኗ ደግሞ አልፈታም ብላዋለች።

ሰውየው ማይክ ማሲሚኖ ይባላል። ቀኑ እሁድ፣ ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም ነው። ሊከፍተው የሚታገለው ዕቃም እንደ እኔ ስልክ እንዲከፈት ተብሎ የተሰራ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ተልዕኮውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ፣ ሰው ተከታታይ ድራማ እንደሚከታተለው፣ በየማታው አንድ አንድ ቀን እያልኩ ተከተልኩት። የተቀዱ ቪዲዮዎችን አየሁ፣ የየዕለቱን ዘገባ አነበብኩ፣ ጠፈርተኞቹ ከተመለሱ በኋላ የተናገሩትን አዳመጥኩ። ተልዕኮው ሲካሄድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ መንኮራኩሯ የተነሳችው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስለነበር በዚያች ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ማለት ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም እጨምርበታለሁ።)

መጀመሪያ ስለ በሽተኛው እናውራ። ሀብል ስላችሁ አንገት ላይ የሚደረገውን እንዳታስቡ። በአሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በኤድዊን ሀብል ስም የተሰየመ ቴሌስኮፕ ነው። ርዝመቱ 13 ሜትር ይደርሳል፤ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ያህል ማለት ነው። በ1990 ወደ ህዋ ወጣ። በ2001 ዓ.ም ከምድር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በሰዓት ወደ 27 ሺህ ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ በ95 ደቂቃ ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ለምን እዚያ ድረስ ወጣ ካላችሁ ምክንያቱ አየር ነው። ኮከቦች ብልጭ ድርግም የሚሉብን የምድር አየር ብርሃናቸውን ስለሚያወላግደው ነው። ከአየሩ በላይ የተቀመጠ ዓይን ይሄ ጣጣ የለበትም።

ዓይኑ ግን ገና ሲወጣ ታሞ ነበር የወጣው። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስታወት ሲሞረድ ጠርዙ ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል። ስህተቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ብቻ ነበር፤ ፎቶዎቹን ሁሉ ለማደብዘዝ ግን በቂ ነበር። ናሳ መሳቂያ ሆነ። በ1993 ጠፈርተኞች ሄደው መነፅር አደረጉለት ብል ከእውነቱ አልራቅኩም፤ የመስታወቱን ጉድለት የሚያስተካክል መሳሪያ አስገብተው ካሜራውን ቀየሩለት። ፎቶዎቹ ጠሩ። በ1997፣ በ1999 እና በ2002 እንደገና ተሄዶ ሌላ ሌላው ተጠገነ።

ይሄ ሁሉ የተቻለው ሀብል ገና ወረቀት ላይ እያለ ለጥገና ታስቦ ስለተነደፈ ነው። የሚከፈቱ በሮች አሉት። ጠፈርተኛ የሚጨብጣቸው እጀታዎች ዙሪያውን ተሰክተውበታል። ትልልቆቹ መሳሪያዎች እንደ ቁምሳጥን መሳቢያ ተስበው እንዲወጡና አዲሱ በቦታው እንዲገባ ሆነው ነው የተሰሩት። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ አንድ መምህር ይህን ምሳሌ ቢሰጡን ኖሮ ያኔ ነቅቼ እከታተል ነበር። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ይጠገናል ወይስ ይጣላል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ሲበላሽ ብቻ አይደለም። ግማሹን ሲሰራ ጊዜ የነደፈው ሰው መልሶታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር።

የካቲት 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ ስፖንጅ መሰል ነገር ክንፏን መትቶ ቀዳዳ ከፍቶባት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄዱ ጠፈርተኞች መንኮራኩራቸው ቢጎዳ ጣቢያው ውስጥ ተጠልለው መዳን ይችላሉ። ሀብል ግን በሌላ ምህዋር ነው ያለው። ከሀብል ተነስቶ ወደ ጣቢያው ለመሄድ የሚበቃ ነዳጅ የሚይዝ መንኮራኩር አልነበረም። እዚያ የተጎዳ ሰው መጠለያ የለውም።

ስለዚህ በጥር 2004 የናሳ ኃላፊ የነበሩት ሾን ኦኪፍ ቀጣዩን የጥገና ጉዞ ሰረዙ። ጩኸቱ ቀለጠ። ሳይንቲስቶች፣ የኮንግረስ አባላት፣ ተራ ሰዎች ሁሉ ተቃወሙ። ሮቦት ይላክ የሚል ሀሳብ መጣ፣ ተጠና፣ በጊዜ አይደርስም ተባለ።

እኔ ይህን ሳነብ ለሦስት ቀን ያህል ከኦኪፍ ጎን ነበርኩ፤ አልዋሽም። "እስከ ዛሬ ስንት ገንዘብ ፈሶበት እንዴት ይተዋል?" የሚለው ክርክር እኛ ጋ አንደኛ ዓመት ላይ የሚወድቅ ክርክር ነው። የወጣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ብትጠግኑትም ብትተዉትም አይመለስም። መጠየቅ ያለበት ወደፊት ምን ይገኛል፣ ምንስ ሊጠፋ ይችላል የሚለው ነው። ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ ሰባት ሰው ነው። ለጋላክሲ ፎቶ ሲባል ሰባት ቤተሰብ ሐዘን ይቀመጥ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ ብዬ ነበር።

ሀሳቤን ያስቀየሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጆን ግረንስፌልድ የተባለው ሰው ነው። ጉዞው ሲሰረዝ ግረንስፌልድ የናሳ ዋና ሳይንቲስት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሀብል ድረስ ሄዶ በእጁ የጠገነ ጠፈርተኛም ነው። ውሳኔውን ለሌሎች ሳይንቲስቶች ከሚያስረዱት ሰዎች አንዱ መሆን ግዴታው ሆነ። ሥራውን ሠራ። ጉዞው ተመልሶ ሲፈቀድ ግን እሄዳለሁ ካሉት ግንባር ቀደሙ እሱ ነበር። ሞቱን ከእኔ ይልቅ በቅርብ የሚያውቅ፣ ኮሎምቢያ ላይ ባልደረቦቹን ያጣ ሰው፣ ያዋጣል ብሎ ሲሄድ እኔ ክፍሌ ተጋድሜ አያዋጣም ማለቴ ትንሽ አሳፈረኝ።

ሁለተኛው አንድ ፎቶ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 2006 አዲሱ የናሳ ኃላፊ ማይክል ግሪፈን ጉዞውን ሲፈቅዱ አብሮ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሠራተኞቹን የምትወስደው አትላንቲስ ስትሆን፣ ኢንዴቨር የተባለችው ሌላዋ መንኮራኩር ደግሞ አራት ሰው ተመድቦላት፣ አትላንቲስ አንድ ነገር ብትሆን በቀናት ውስጥ ሄዳ ሰባቱን እንድታመጣ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች። ፎቶው ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ሁለቱም መንኮራኩሮች በየማስነሻቸው ላይ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። አንዷ ለሥራ፣ አንዷ ምናልባት ለሚለው። ኢንሹራንስ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ቆሞ ግን አይቼው አላውቅም። አደጋውን ዜሮ አላደረገውም። ግን "ሰባት ሰው ወይስ ቴሌስኮፕ" የሚለውን ጥያቄ ሌላ ጥያቄ አደረገው።

ጉዞው ለጥቅምት 2008 ተቀጠረ። ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር፣ በ2001 ዓ.ም የመስቀል ሰሞን፣ ሀብል ራሱ ጸጥ አለ። መረጃውን አዘጋጅቶ ወደ ምድር የሚልከው ክፍል ተበላሸ። መጠባበቂያው ተነስቶ ሥራ ቢጀምርም ከዚያ በኋላ ሌላ መጠባበቂያ አልነበረውም። ጉዞው ሰባት ወር ተገፋ። ያኔ ብዙ ሰው ተበሳጭቷል። እኔ ግን ዕድል ማለት ይሄ ነው እላለሁ። ያ ክፍል ጠፈርተኞቹ ሰርተው ከተመለሱ ከአንድ ወር በኋላ ቢበላሽ ኖሮ ሄዶ የሚቀይረው ሰው አይኖርም ነበር። ሰባቱ ወር መሬት ላይ የነበረውን መለዋወጫ ለመፈተሽና አብሮ ለመጫን ዋለ።

ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም አትላንቲስ ተነሳች። ሰባቱ እነዚህ ናቸው፦ አዛዡ ስኮት አልትማን፣ ረዳት አብራሪው ግሪጎሪ ጆንሰን፣ የመንኮራኩሯን ረጅም ሜካኒካል ክንድ የምታንቀሳቅሰው ሜጋን መክአርተር፣ እና ተራ በተራ ወደ ውጪ የሚወጡት አራቱ፤ ግረንስፌልድ፣ አንድሪው ፎይስቴል፣ ማሲሚኖና ማይክል ጉድ። በማግስቱ የመንኮራኩሯ አካል ሲፈተሽ ቀኝ ክንፏ አካባቢ ግማሽ ሜትር ያህል መስመር ላይ የሙቀት መከላከያ ሸክላዎቿ ተቆራርሰው ተገኙ። ታሪኩ በሰላም እንደሚያልቅ እያወቅኩ ልቤ ቆመ። መሐንዲሶቹ አይተው አያሰጋም አሉ። በሦስተኛው ቀን መክአርተር ሀብልን በክንዱ ያዘችው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ አሮጌውን ካሜራ አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነበር። አሮጌውን ከቦታው የሚያስረው አንድ ትልቅ ብሎን ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ማንም አልነካውም። ፎይስቴል መፍቻውን ጫነበት። ንቅንቅ አላለም። መፍቻው ከተወሰነ ጉልበት በላይ እንዳያልፍ የሚገድብ ነገር አለው፤ ምክንያቱም ብሎኑ ከተሰበረ አሮጌው ካሜራ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል፣ አዲሱም ሳይገባ ወደ ምድር ይመለሳል። ሌላ መፍቻ ተሞከረ፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ መገደቢያው እንዲነሳና በእጁ ጉልበት እንዲሞክር ተፈቀደለት። እየተሰማው፣ በቀስታ፣ ጫን አደረገው። ዞረ።

ፎይስቴል ማን እንደሆነ ለማወቅ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር አስቆኛል። በኋላ በጂኦሎጂ ዶክትሬት የያዘ ሰው ነው፤ ግን ኮሌጅ እያለ ሚሺጋን ውስጥ መካኒክ ነበር፣ የ1950ዎቹን ጃጓር መኪኖች የሚያድስ። የዛገ ብሎን መቼ እንደሚፈታና መቼ እንደሚሰበር እጁ ያውቃል። ይሄ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ዕውቀት አይመስለኝም። እኛ አገር ይሄን የሚያውቁ ስንት ልጆች ጋራዥ ውስጥ አሉ!

ሁለተኛው ቀን የጋይሮስኮፕ ቀን ነበር። ጋይሮስኮፕ ለናንተ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የመኪና ጌም ስትጫወቱ ስልኩን እንደ መሪ ስታዞሩት መዞሩን የሚያውቀው ትንሽዬው ጋይሮስኮፕ ነው። ሀብል ስድስት አለው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ በደቂቃ 19,200 ጊዜ የሚሽከረከር ጎማ መሰል ነገር አለ። ቴሌስኮፑ ወዴት እየዞረ እንደሆነ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደዞረ የሚነግሩት እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ዓይኑን አንድ ቦታ ላይ መትከል ይቸገራል። ማሲሚኖና ጉድ ሁለት ሁለት እየሆኑ በሣጥን የታሸጉትን ስድስቱንም ሊቀይሩ ሞከሩ። አንዱ ሣጥን አልገባ አለ። ቢያዞሩት፣ ቢለዋውጡት፣ አልገባም። በመጨረሻ በመጠባበቂያነት የተያዘውን፣ ታድሶ የመጣውን አሮጌ አስገቡ። ያም ሰራ። በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር አዲስ ዕቃ እምቢ ብሎ "ሰከንድ ሃንድ" ሲገባ ሳይ፣ የጥገና ቤቱ ልጅ አጠገቤ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ሦስተኛው ቀን እንደ ታምር በሰላም አለፈ፤ ያ የ1993ቱ "መነፅር" ከእንግዲህ ስለማያስፈልግ ተነቅሎ ወጣ (አሁን ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ነው)።

አራተኛው ቀን፣ እሁድ።

ሀብል ውስጥ ስቲስ የሚባል መሳሪያ አለ። ፎቶ አያነሳም ማለት ይቻላል፤ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ ያ ብርሃን ከየትኛው ንጥረ ነገር እንደመጣ ይናገራል። ከእኛ ፀሐይ ውጪ ሌላ ኮከብ የምትዞር ፕላኔት አየር እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ2001 በዚህ መሳሪያ ነው። በ2004 የኃይል ክፍሉ ተበላሽቶ ሞተ። የተበላሸችው አንዲት ቦርድ ናት። አዲስ ቦርድ ለማስገባት ግን መሳሪያውን መክፈት ያስፈልጋል፤ ስቲስ ደግሞ ሙሉው ተስቦ እንዲወጣ እንጂ ህዋ ላይ እንዲከፈት ተብሎ አልተሰራም። ክዳኑ ከ100 በላይ በሆኑ ትናንሽ ብሎኖች ታስሯል።

እስቲ አስቡት። የጠፈር ልብስ በአየር የተነፋ ነው፤ ጓንቱን በጨበጣችሁ ቁጥር ኳስ እየጨመቃችሁ ነው ማለት ይቻላል። ጣት ላይ የሚቀመጥ ብሎን በዚያ ጓንት አይያዝም። ቢያመልጥ ደግሞ አይወድቅም፤ እየተንሳፈፈ ቴሌስኮፑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ብሎን የሚይዝ ክዳን ሠሩ። ግልጽ ሰሌዳ ሆኖ በየብሎኑ ትክክል ካቻቪቴ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ብሎኑ ሲፈታ ቀዳዳው ስር ተይዞ ይቀራል። ይህን ማሰብ፣ መሥራትና ውሃ ገንዳ ውስጥ መለማመድ ዓመታት ወስዷል። ማሲሚኖ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ናሳ ከመቀበሉ በፊት ደጋግሞ መልሶታል፤ አንዱ ምክንያት የዓይኑ ችግር ነበር። (በነገራችን ላይ ከህዋ ትዊተር ላይ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ በዚሁ ጉዞ። ይሄን ለእናንተ ስል ነው የነገርኳችሁ።)

ግልጹን ሰሌዳ ለመግጠም ግን መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ያለች አንዲት እጀታ መነሳት አለባት። አራት ብሎን። ትልልቅ፣ ቀላል፣ ማንም ያልተጨነቀባቸው። ሦስቱ ተፈቱ። አራተኛዋ ላይ ካቻቪቴው ዞረ፣ ብሎኗ ግን አልዞረችም። አናቷ ተበላ።

ስልክ የሚጠግን፣ ብስክሌት የሚፈታ፣ የቤት ቁልፍ የሚቀይር ሰው ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ለመቶዎቹ ትናንሽ ብሎኖች መላ ተበጅቶላቸዋል። ለዚህች አንዲት ብሎን ማንም መላ አላዘጋጀም። እጀታዋ ካልተነሳች ሰሌዳው አይገጠምም፣ ሰሌዳው ካልተገጠመ ክዳኑ አይከፈትም። ማሲሚኖ በኋላ በየመድረኩ ሲናገር፣ በዚያች ቅጽበት "ሀብልን ያበላሸው ሰውዬ" ተብሎ የሚቀር እንደመሰለው አልደበቀም።

ከምድር የሚመጣው ድምፅ ግን አይጮህም፣ አይጣደፍም። እኔን የገረመኝ እሱ ነው። "እስቲ ይሄኛውን ጫፍ ሞክር"፣ "እስቲ ያኛውን ዕቃ ከሣጥኑ አውጣ።" ማሲሚኖ ወደ ዕቃ ሣጥኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሞክራል፣ አይሆንም። ሰዓት ይሄዳል። ልብሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ማለቂያ አለው። እኔ ትራሴን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ግን አሁንም እጄ ያልበኛል።

በዚህ መሃል ሜሪላንድ ውስጥ፣ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል፣ መሐንዲሶች በእሁድ ቀን ተመሳሳይ እጀታ ፈልገው አገኙ። በአንድ ብሎን ብቻ አስረው ሳቡት። ጥያቄያቸው ምን ያህል ጉልበት ሲያርፍበት ይገነጠላል የሚል ነበር። ወደ 27 ኪሎ ገደማ ሆኖ አገኙት። ሩብ ኩንታል ጤፍ ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ነው። ከዚያ ለማሲሚኖ የተነገረው ነገር፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በፈሰሰበት ዕቃ ላይ ሊባል የሚችል አይመስልም፦ ጎትተህ ገንጥለው።

መጀመሪያ ብሎኗ ያለችበትን ጫፍ በቴፕ ጠቀለለው፤ ስብርባሪ ቢኖር እንዳይበተን። ከዚያ እጀታውን ከላይ ያዘ። ወዘወዘው፣ ጎተተው። ተነቀለ።

ይሄን ያህል ነው። ሮቦት ይላክ ተብሎ የነበረውን አስታወስኩ። ሮቦቱ አራተኛዋ ብሎን ጋ ሲደርስ ምን ያደርግ ነበር?

መከራው ግን አላለቀም። ሰሌዳውን ገጥሞ ሊጀምር ሲል የትንሹ ካቻቪቴ ባትሪ ሞቶ ተገኘ። (እዚህ ላይ የራሴን ቻርጀር አየሁትና ሳቅኩ።) መንኮራኩሯ ድረስ ተመልሶ ሌላ መሳሪያ መያዝ፣ ኦክስጅኑንም መሙላት ነበረበት። ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ትናንሽ ብሎኖች አንድ በአንድ፣ ያለ ምንም ችግር፣ ተፈቱ። አሮጌዋ ቦርድ ወጣች፣ አዲሷ ገባች። ለስድስት ሰዓት ተኩል የታሰበው ሥራ ስምንት ሰዓት ፈጀ። ከምድር ሲሞከር ስቲስ በራ፤ አምስት ዓመት ሞቶ ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ ግረንስፌልድ፣ ከሁሉ በላይ ሀብልን የሚወደው ሰው፣ ሲመለስ ሳያስበው አንዲት ትንሽ አንቴና ነክቶ ጫፏን ሰበራት። ሽፋን አደረጉላት፤ አንቴናዋም መሥራቷን ቀጠለች። ግን ያን ያህል ዓመት ተጠንቅቆ በመጨረሻዋ ሰዓት ላይ! ሰው ነው እንግዲህ። ግንቦት 11 ቀን ሀብል ተለቀቀ። ፍሎሪዳ ላይ አየሩ ስለተበላሸ አትላንቲስ ሁለት ቀን ጠብቃ ግንቦት 16 ካሊፎርኒያ አረፈች። ኢንዴቨር ሳትፈለግ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሄዶ ሀብልን አልነካም። መንኮራኩሮቹ በ2011 ጡረታ ወጥተዋል። በዚያ ጉዞ ከተገጠሙት ስድስት ጋይሮስኮፖች ብዙዎቹ በየተራ ሞተዋል፤ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ቴሌስኮፑ በአንድ ጋይሮስኮፕ ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል፣ ሌላ አንድ ደግሞ ለክፉ ቀን ተቀምጧል። ዝግ ይላል እንጂ ይሠራል። ምህዋሩ ደግሞ በየዓመቱ በጥቂቱ ዝቅ እያለ ነው፤ ማንም ወደ ላይ ካልገፋው አንድ ቀን ይወድቃል። ጃሬድ አይዛክማን የተባለው ባለሀብት በግል መንኮራኩር ሄጄ ከፍ ላድርገው ብሎ ነበር፤ ናሳ አጥንቶ በ2024 ለጊዜው ይቅር አለ። ጥቅሙ ከአደጋው አይበልጥም ነው ነገሩ። የኦኪፍ ስሌት ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ዘንድሮ ግን ሁለተኛ መንኮራኩር ጎን ላይ አልቆመችም፣ ረጅም ክንድ ያላትም የለችም። እኔ ከየትኛው ጎን እንደሆንኩ ብትጠይቁኝ አሁንም እየተቸገርኩ ነው የምመልሰው። ልቤ ይሂዱ ይላል።

ሀብልን የተካው ጄምስ ዌብ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ዌብ የሚያየው በዋናነት ሙቀት መሰሉን ብርሃን ነው፤ ሀብል የሚያየውን አልትራቫዮሌት ዌብ አያየውም። 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ዌብ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ቢበላሽ ካቻቪቴ ይዞ የሚሄድለት የለም። የኔን ስልክ ይመስላል ልበል?

ግንቦት 2001 ዓ.ም ጠፈርተኞቹ ሀብል ታች ላይ ሌላ አንድ ነገር ገጥመው ነው የመጡት። ወደፊት የሚመጣ መንኮራኩር፣ የማንም ይሁን የማን፣ መጥቶ የሚይዘው ክብ ቀለበት ነው። እስካሁን ማንም አልያዘውም።

እኔስ? በሦስተኛው ሳምንት ስልኬን ይዤ ወደዚያ ልጅ ተመለስኩ። "ሞክር" አልኩት። "ስክሪኑ ቢሄድስ?" አለኝ። "ይሂድ" አልኩት፤ ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ጠርዙን በሙቀት አላልቶ፣ በቀጭን ፕላስቲክ እየፈለቀቀ ሲከፍተው ማየት ስላልቻልኩ ወሬ ጀመርኩለት። የማሲሚኖን ታሪክ ነገርኩት፤ ሦስቱን ብሎን፣ አራተኛዋን፣ ከምድር "ገንጥለው" መባሉን።

ልጁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "ሳይጎትት በፊት ቴፕ አድርጎበታል?" አለኝ።

"አድርጓል።"

"እሺ" አለኝ፣ ሥራውን እየቀጠለ። "ያውቅበታል።"